ደሜን የተረጎመልኝ ወንድሜ

ቀኝ እግሬ ከግራው እንደሚያጥር አረማመዴን ያየ ሁሉ ያውቀዋል። የጠየቀኝን ሰው "በጣሊያን ጊዜ ተሰብሬ ነው" ብዬ አሳልፈዋለሁ። ውሸት አይደለም፤ ግማሽ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ ለልጆቼ እንኳ ያወጋኋቸው የሚመለከተው ሰው አፈር ከለበሰ በኋላ ነው። ለእናንተ ግን ሙሉውን አወጋችኋለሁ።

ውድነሽ እባላለሁ። አባቴ ከጭልጋ ደጋ ወደ መተማ ወርዶ ጫካ ሲመነጥር ንዳድ የሚሉት የቆላ ወባ ቀሠፈው። እናቴም ከእሱ ወዲህ ብዙ አልቆየች። ያሳደገኝ ታላቅ ወንድሜ ካሳሁን ነው። ገና ጢሙ እንኳ አላቀመቀመም ነበር፤ ግን አባትም እናትም ሆነኝ። ክረምት ወንዝ ሲሞላ በትከሻው ተሸክሞ ያሻግረኝ ነበር። እኔ ሳልጠግብ እጁን ወደ ገበታ አይሰድም። ጎልምሶ ወደ አስመራ ሲሄድ እስከ ገንዳ ውሃ ድረስ እያለቀስሁ ተከትየዋለሁ።

እሱ አስመራ ጣሊያኖች ዘንድ ተቀጥሮ ቋንቋቸውን ሲለምድ፥ እኔ አዳነ የሚባል የቋራ ልጅ አገባሁ። ከገበሬው ሰሊጥና ሙጫ እየገዛሁም ገላባት ተሻግሬ መሸጥ ያዝሁ። ገላባት ያኔ እንግሊዝ የሚገዛው የሱዳን ከተማ ነው፤ ከመተማ የሚለየው አንድ ደረቅ ወንዝ ብቻ ነበር። የገበያው ቋንቋ ዐረብኛ ነው። ዐረብኛ የማይችል ነጋዴ ዐይኑ እያየ ይታለላል። እኔም ከሱዳን ነጋዴዎች ጋር ስከራከር ኖሬ ቋንቋውን እንደ አማርኛዬ ለመድሁት።

ጣሊያን አገሩን ሲይዝ ባሌ ጠመንጃውን አንግቶ ጫካ ገባ። በዚያው ሰሞን ወንድሜ ካኪ ለብሶ፥ ጫማ ተጫምቶ፥ የጣሊያን አስተርጓሚ ሆኖ መተማ መጣ። እኔ ከሁለቱ መካከል ቀረሁ። ሳልዋሽ፥ ወንድሜን ዳግም ሳየው ደስታዬ ከሀፍረቴ በልጦ ነበር። የአርበኛ ሚስት ሁሉ ቤቷ ሲቃጠል የእኔን ደጅ የነካው አልነበረም። የካሳሁን እህት ናት ተብሎ ነው። ስለ አዳነ አይጠይቀኝም፤ እኔም አልነግረውም። አዳነ ከሱዳን ጥይት የሚገባበትን የጫካ መንገድ ከሚያውቁት ጥቂት ሰዎች አንዱ ነበርና፥ ጣሊያኖቹ አጥብቀው ይፈልጉታል። እኔና ወንድሜ ግን ያንን ነገር እንደ ጋለ ምጣድ ሳንነካው እንኖር ነበር።

ጣሊያን በገባ በሦስተኛው ዓመት ገደማ፥ ሰሊጥ ተራግፎ ገበያ በሚወጣበት ወራት፥ ሁለት አህያ ጭኜ ወደ ገላባት ወረድሁ። ወደ ደረቁ ወንዝ በሚያስገባው ቁልቁለት ላይ ስደርስ የመንገድ ሥራ ድንጋይ የጫነ ካሚዮን ከኋላዬ እየጮኸ መጣ። አንደኛዋ አህያ ደነበረች። ገመዱን እጄ ላይ ጠምጥሜው ነበርና ይዛኝ ገደሉን ወረደች። ከታች ስደርስ ቀኝ እግሬ በሁለት ቋጥኝ መካከል ተሰንቅሮ፥ ሰውነቴ ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞሮ ነበር። ድምፁን ሰማሁት፤ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚያሰማውን ድምፅ ነው የሚመስለው። ሕመሙ የመጣው ከድምፁ በኋላ ነው። ቁልቁል ሳይ የቅልጥሜ አጥንት ቆዳዬን ወግቶ ጫፉ ብቅ ብሏል።

ሰዎች ተሸክመው ቤቴ አደረሱኝ። አያ ደምሌ የሚባሉ ወጌሻ ተጠርተው መጡ። በአካባቢው እሳቸው ያላሹት ስብራት የለም። ሁለት ሰው ትከሻዬን ይዞኝ፥ እሳቸው አጥንቱን ስበው መለሱት። ቁስሉን አጥበው፥ በተሰነጠቀ ሽመል አሰሩልኝ። ሲጨርሱ ግን ፊታቸው አልተፈታም።

"አጥንቱ ከቦታው ገብቷል፥ ልጄ" አሉኝ። "ይህ የተበሳው ቁስል ግን አላማረኝም። ከውስጥ የሚሆነውን እኔ አላይም። ትኩሳት ከያዘሽ ዝም ብለሽ እንዳትተኚ።"

ትኩሳቱ ሳይውል ሳያድር መጣ። መጀመሪያ ብርድ ብርድ አለኝ፤ ቀጥሎ እሳት። ለመተማ ሰው ትኩሳት ማለት ንዳድ ማለት ነው፤ ጎረቤቱ ሁሉ "ንዳዷ ተነሣባት" ብሎ ጨረሰው። እኔ ግን እግሬ ከእስራቱ በታች አብጦ ሲወጥረኝ፥ ልቤ የሚመታው ደረቴ ውስጥ ሳይሆን ቅልጥሜ ውስጥ ይመስለኝ ነበር።

ካሳሁን ይህን ሲሰማ ሁለት ሰው ከነቃሬዛ ይዞ መጣ። አጠገቤ ተንበርክኮ ግንባሬን ዳሰሰኝና ዐይኑ እንባ አቀረረ። በኋላ ብዙ ነገር ተጠራጥሬያለሁ፤ የዚያን ቀኑን እንባ ግን ዛሬም ድረስ አልጠራጠረውም። ጣሊያኖቹ ዘንድ ሐኪም እንዳለ፥ ደም አይቶ የበሽታውን ዓይነት የሚለይ እንደሆነ ነገረኝ። ንዳድ ይሁን የአጥንቱ ጣጣ፥ ደሜ ይናገራል አለ። ባሌ ጫካ፥ እኔ ጠላት ቤት፥ እንዴት ይሆናል ብዬ አንገራገርሁ። "በሽተኛ ጠላት የለውም" አለኝ። አምኜው ሄድሁ።

የሐኪሙ ቤት ቆርቆሮ ክዳን ያላት አንዲት ክፍል ናት። በሽተኛ የሚተኛው ከጎኗ ባለ የሣር ጎጆ ውስጥ ነው። ሐኪሙ ጠይም ሊባል የሚችል፥ ፀሐይ ያከሰለው፥ ችኩል ጎልማሳ ነበር። እጄን አስሮ ከክንዴ ደም ቀዳ። አንዱን ጠብታ በመስተዋት ስባሪ ላይ ቀባና በአንድ ዐይኑ አጎንብሶ በማጉያ መነጽሩ ተመለከተው። የቀረውን ውሃ ከመሰለ ነገር ጋር ቀላቅሎ በቀጭን የብርጭቆ ቱቦ ሳበውና በእንጨት መቆሚያ ላይ ቀጥ አድርጎ አቆመው። ከዚያ ሌሎች በሽተኞች እያየ መጠበቅ ጀመረ።

እኔም ከቃሬዛዬ ላይ ሆኜ ቱቦውን ማየት ያዝሁ። መጀመሪያ ከላይ እስከ ታች ቀይ ነበር። ቆይቶ ቀዩ ወደ ታች መንሸራተት ጀመረ፤ ከላዩ የሰሊጥ ዘይት የመሰለ ቢጫ ውሃ ቀረ። ዐይኔን ከድኜ በገለጥሁ ቁጥር ቀዩ ዝቅ ብሎ አገኘዋለሁ። የገዛ ደሜ እንደዚያ ለሁለት ሲከፈል ማየቱ አስፈራኝ። ሐኪሙ ተመልሶ ሲያየው ከንፈሩን ነከሰ። ወደ ወንድሜ ዞሮ ረጅም ነገር ተናገረ። ጣሊያንኛ አልሰማም፤ ግን በንግግሩ መካከል ሁለት ጊዜ "ጎንደር" ሲል ሰማሁት። የአገር ስም በየትኛውም ቋንቋ ያው ነው።

ካሳሁን ቱቦዋን አንድ ጊዜ አየት አደረገ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"ንዳድ ነው ይላል። አጥንትሽ ደኅና ነው። ኪኒን እየዋጥሽ እዚሁ ትቆያለሽ።"

"ጎንደር ምን ሲል ነው?"

"ኪኒኑ የሚመጣው ከጎንደር ነው" አለኝ።

እግዚአብሔርን አመሰገንሁ። ንዳድ የማውቀው በሽታ ነው። ኪኒኑን ወንድሜ በእጁ እያመጣ ያስውጠኝ ጀመር። ይመራል፤ ጆሮዬን ያስጮኸዋል። ትኩሳቱ ግን ወይ ፍንክች። ቀኑ በተጨመረ ቁጥር የእግሬ እብጠት ወደ ጉልበቴ ወጣ፤ ከቁስሉም የሚፈስ ነገር መጣ፤ ሽታው ለራሴ አስጠላኝ።

ግራ ያጋባኝ የሐኪሙ ሁኔታ ነበር። ጎጆዋ ውስጥ ገብቶ እግሬን ያይና በቁጣ ይናገረኛል። እንደ ልበ ደንዳና ሰው ነው የሚያየኝ። አንድ ቀን እንደገና ደም ቀዳኝ። ቱቦዋን ይዞ መጥቶ በዐይኔ ፊት አቆማት፤ ቀዩ ከፊተኛው ይልቅ ዘቅጦ ነበር። ጣቱን ወደ ደሙ፥ ከዚያ ወደ እግሬ፥ ከዚያ ወደ ሰማይ ጠቆመ። ካሳሁን አጠገቤ ቆሞ፥ ኪኒኑ ይጨመርላት ነው የሚለው አለኝ። ሰማይ መጠቆሙ ምንድን ነው ብዬ ስጠይቅ፥ እግዜር ያውቃል ማለቱ ነው አለ።

ሐኪሙ ሲወጣ ወንድሜ አጠገቤ ተቀመጠና፥ በእኔና በእሱ መካከል ተነሥቶ የማያውቀውን ስም አነሣ። ለአዳነ እናት መልእክት እንደላከ ነገረኝ። ምራታቸው ክፉኛ መታመሟን፥ ምናልባትም እንደማትተርፍ ለልጃቸው ያሰሙት ዘንድ ለምኗቸዋል። ሳይሰናበተኝ ቢቀር ጸጸቱ ለእሱም አይለቀውም አለ። እኔ ምን ያህል ልቤ እንደተነካ ብነግራችሁ ትስቁብኛላችሁ። ወንድሜ ለእኔ ሲል ጠላትነቱን ረሳ ብዬ እጁን ሳምሁት።

ዘይነብ የምትባል ወዳጅ ነበረችኝ። ባሏ በመተማና በገላባት መካከል በግመል ሸቀጥ የሚያመላልስ ነጋዴ ነው። አንድ ማለዳ ወንድሜ ለሥራ ወደ ገንዳ ውሃ በሄደበት ወተት ይዛልኝ መጣች። እግሬን ገልጣ ስታይ ደንግጣ በዐረብኛ "ይህ ንዳድ አይደለም፤ ይህቺን ልጅ እየገደሏት ነው" አለች። ሐኪሙ በዚያች ቅጽበት በር ላይ ደርሶ ነበር። በዐረብኛ መለሰላት።

"እኔ አይደለሁም የምገድላት። ራሷ ናት።"

ዐረብኛው የሱዳን አይደለም፤ ኋላ እንደነገረን ትሪፖሊ ብዙ ዓመት ወታደር ሲያክም የለመደው ነው። ሰባራ ነው፤ ግን ይሰማል። እኔ ከአልጋዬ ላይ በክርኔ ተነሣሁ።

"እኔ ምን አደረግሁ?" አልሁት፥ በዐረብኛ።

የተናገረች ድንጋይ ያየ ያህል ዐይኑ ፈጠጠ። ቀርቦ በርጩማ ላይ ቁጭ አለ። ለምን ጎንደር መሄድ እምቢ እንዳልሁ ጠየቀኝ። የት እንድሄድ፥ ማን ጠይቆኝ እምቢ እንዳልሁ እኔም መልሼ ጠየቅሁት።

"ወንድምሽ ነዋ የነገረኝ" አለ። "'ባሌ መጥቶ ካልፈቀደ ቢላዋ አይነካኝም ትላለች' አለኝ። ደጋግሜ ላክሁት፤ ደጋግሞ ያንኑ ቃል ይዞልኝ መጣ።"

"ንዳዱስ?"

"ምን ንዳድ? ደምሽ ውስጥ ንዳድ የለም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነግሬዋለሁ።"

ከዚያ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ደም በዐረብኛም ደም ነው፤ ለዚያች ቃል አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። በማጉያው የንዳድ ምልክት ፈልጎ አጥቷል፤ ይልቅ መግል ሲኖር የሚበዛው ነጩ የደም ቅንጣት በዝቶ አግኝቷል። ቱቦዋ ደግሞ ሌላ ምስክር ናት። የጤነኛ ሰው ደም ቱቦ ውስጥ ሲቆም ቀዩ እያዘገመ ነው የሚወርደው። ውስጡ እሳት የያዘ ሰው ደም ግን እየተጣደፈ ይወርዳል። ደሙ ብቻውን ቦታውን አይናገርም፤ ከእግሬ ጋር ሲያየው ግን እሳቱ አጥንቴ ውስጥ እንደሆነ ተረድቷል። ጎንደር ሄጄ አጥንቱ ተከፍቶ መጠረግ አለበት። የፊተኛው ቀን ቢሆን ቀላል ነበር፤ አሁን እግሬም ነፍሴም በአንድ ክር ተንጠልጥለዋል። ይህን ሁሉ የነገረኝ እንደሚቆጣ ሰው ሆኖ ነው፤ ቁጣው ግን አሁን በእኔ ላይ አልነበረም።

እኔ ከዚያ በኋላ የተናገረውን አልሰማሁም። ጆሮዬ ላይ የቀረው አንድ ቃል ነው፤ "ባሌ መጥቶ"። ለካ እኔ በሽተኛ አልነበርሁም። ወጥመድ ላይ የታሰረች ፍየል ነበርሁ። ነብሩ እስኪመጣ ድረስ እዚያው መጮህ ነበረብኝ። ጎንደር ከሄድሁ አዳነ መተማ የሚመጣበት ምክንያት የለውም። ስለዚህ ደሜ የተናገረውን ወንድሜ ዋጠው።

ለሐኪሙ የባሌን ነገር እንዴት ልንገረው? ጣሊያን ነው። ያልሁት ይህን ብቻ ነው፤ ጎንደር እሄዳለሁ፥ ወንድሜ ግን ቢላዋ ስለሚፈራልኝ ካሚዮኑ ላይ እስክወጣ አትንገረው። ጥቂት ትክ ብሎ አየኝ። የገባው ይመስለኛል። በማግሥቱ ጠዋት ወደ ጎንደር የሚሄድ ካሚዮን እንዳለ ነግሮኝ ወጣ።

ከዚያ የዘይነብን እጅ ያዝሁ። ባሏ ወደ ቋራ የሚሄድ ግመለኛ ዛሬውኑ እንዲልክልኝ ለመንኋት። አዳነ መንገድ ከገባ ግመለኛው ይመልሰው፤ የወንድሜ መልእክት ወጥመድ ነው ይበለው። ዘይነብ አሰበችና፥ ሰውየሽ ባያምነውስ አለችኝ። የገዛ እናቱ "ሚስትህ እየሞተች ነው" ያሉትን ሰው አንድ የማያውቀው ግመለኛ እንዴት ይመልሰዋል?

ልክ ነበረች። አንድ ነገር ብቻ ነበረኝ። አዳነ እኔና እሱ ብቻችንን ስንሆን የሚጠራኝ ስም አለ። ከእኛ ሌላ የሰማው ፍጡር የለም። እንዲህ ያለ ስም ለሌላ ሰው መንገር ልብስ እንደማውለቅ ነው። ወደ ዘይነብ ጆሮ ተጠግቼ ሹክ አልኋት። "ዋኔ ጎንደር ሄዳለች፤ አትምጣ" እንዲለው ነገርኋት። ዘይነብ ፈገግ ሳትል ቃሏን ደግማ ያዘችና የወተቱን ቅል ትታው ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ካሳሁን ተመለሰ። ከሁሉም የከበደኝ ያ ከሰዓት ነው። ማር ይዞልኝ መጥቶ ነበር። ጀርባዬን ደግፎ አስቀምጦ በጣቱ አላሰኝ። የላከው ሰው ደርሶ አዳነ መስማቱን፥ ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ሊመጣ እንደሚችል በደስታ ነገረኝ። እኔም ደስ ያለኝ መሰልሁ። ፊቱን አየሁት፤ ፊቱ አልተለወጠም። ያው ወንዝ ያሻገረኝ ወንድሜ ነው። ጉንጩ ላይ ያለችው ጠባሳ፥ ሲናገር አንገቱን ዘንበል የሚያደርገው ነገር፥ ሁሉም በቦታው ነው። ክህደት የሆነ መልክ ይኖረዋል ብዬ አስብ ነበር። መልክ የለውም። ኪኒኑን ሲሰጠኝ ለሌለብኝ በሽታ የሚሰጠኝ መሆኑን እያወቅሁ፥ እሱም እያወቀ፥ ዋጥሁት።

በማግሥቱ ካሚዮኑ ሞተሩን አስነሥቶ ከጎጆዋ ፊት ቆመ። አስካሪ የሚባሉት የጣሊያን ቅጥር ወታደሮች በቃሬዛ አንሥተው ሊያወጡኝ ሲሉ ካሳሁን እየሮጠ መጣ። ለሐኪሙ በጣሊያንኛ ብዙ ተናገረ፤ እጁን ወደ እኔ ይጠቁማል፤ "እምቢ ትላለች" እያለው እንደሆነ ያለ አስተርጓሚ ገባኝ። ሐኪሙ አልመለሰለትም። ወደ እኔ ዞረና በዐረብኛ ጠየቀኝ።

"ጎንደር መሄድ ትፈልጊያለሽ?"

"እፈልጋለሁ" አልሁ፥ በዐረብኛ።

ወንድሜ ዐረብኛ አይሰማም፤ ግን ሁለታችን እንደተነጋገርን ሰማ። የዚያን ጊዜ ፊቱ ተለወጠ። ደሙ ከፊቱ ሲሸሽ አየሁት። ወደ ቃሬዛው ተጠጋና በአማርኛ፥ ቀስ ብሎ፥ "ውድነሽ፥ ምሕረት ሰጥተውታል እኮ። እጁን ቢሰጥ አይነኩትም። ቃል ገብተውልኛል" አለኝ።

ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብሁት። ካሚዮኑ ተንቀሳቀሰ።

ጎንደር እግሬን ከፈቱት። የሞተውን አጥንት እየለቀሙ አወጡ፤ አንድ ጊዜ አልበቃም፤ ደጋገሙት። መግሉ ይደርቃል፥ ይመለሳል። ደሜንም በየጊዜው እየቀዱ በዚያች ቱቦ ያቆሙታል፤ እኔም የቱቦዋን ነገር ስላወቅሁ ዐይኔን አልነቅልባትም። በመጨረሻ አንድ ቀን ቀዩ ከላይ አልንቀሳቀስ አለ፤ እያዘገመ፥ እየተጎተተ ወረደ። አስታማሚዋ ምን ያስለቅስሻል አለችኝ። ያስለቀሰኝ መዳኔ ብቻ አልነበረም። በዚያን ሁሉ ጊዜ አዳነ ይሙት ይዳን የነገረኝ ሰው አልነበረም። የተሰበረው አጥንቴ አጥሮ ገጠመ። የጎንደሩ ሐኪም፥ ትንሽ ቀደም ብለሽ ብትመጪ ይህን ሁሉ አጥንት አታጪም ነበር ብሎኛል።

መተማ በምርኩዝ ስመለስ ዘይነብ ተቀበለችኝ። ግመለኛው አዳነን ያገኘው ሽንፋ ወንዝ ላይ ነው፤ ወደ መተማ እየገሰገሰ። መጀመሪያ ጠመንጃ ደገነበት። "ዋኔ" የሚለውን ስም ሲሰማ ግን ጠመንጃውን አወረደና ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ አለችኝ። ከዚያ ወደ ጫካው ተመለሰ። እኔ የተኛሁባትን ጎጆ ወታደሮች ባዶዋን ሲጠብቋት ሰንብተዋል። ካሳሁን ወደ ሌላ አገር ተዛውሮ ነበር።

ጣሊያን ተሸንፎ ሲወጣ አዳነ ጢሙ ደረቱን መትቶ፥ በሕይወቱ ቤቱ ገባ። ካሳሁንም ብዙ ሳይቆይ ጫማውን አውልቆ፥ ካኪውን ጥሎ አገሩ ተመለሰ። ሽማግሌ ላከብን። እኔ ባሌ ይገድለዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። አዳነ ግን እንዲህ አለኝ፤ "እኔን እንደ ጠላት ነው ያጠመደኝ፤ ጠላቱም ነበርሁ። የእኔን ትቸዋለሁ። የአንቺን ግን እኔ ልተውለት አልችልም። አንቺ ታውቂያለሽ።"

ቤተ ክርስቲያን ደጅ፥ የሾላ ዛፍ ሥር ተሰበሰብን። ካሳሁን እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክሞ፥ አጎንብሶ መጣ። ጸጉሩ ሸብቷል። አያ ደምሌም ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነበሩ። ካሳሁን ስለ ምሕረቱ ተናገረ። አዳነ በሰላም ገብቶ፥ እኔም ከባሌ ጋር እንድኖር ብሎ እንዳደረገው፥ ሹመት ቃል ገብተውለት የነበረ ቢሆንም ስለ ሹመቱ ብቻ እንዳልሆነ ተናገረ። አመንሁት። ሰው ለክፉ ሥራው ደግ ምክንያት ሳያበጅለት አይሠራውም። ሽማግሌዎቹ ይቅር በይው አሉኝ። አንድ ነገር ልጠይቀው አልሁ።

"ሐኪሙ ደሜን አይቶ አጥንቷ እየበሰበሰ ነው ሲልህ ሰምተሃል?"

"ሰምቻለሁ።"

"አዳነ ባይመጣ እስከ መቼ ልታቆየኝ ነበር?"

መሬት መሬት አየ። አያ ደምሌ መልስላት አሉት። ድንጋዩን ትከሻው ላይ አመቻቸና፥

"አላሰብሁትም" አለ።

ቆርጬ ነበር፥ ትሙት ብዬ ነበር ቢለኝ፥ እንደ ጠላት ቆጥሮኛል ብዬ ዝምድናውን እቆርጠው ነበር። ቀደም ብዬ ልልክሽ ነበር ቢለኝ፥ ውሸትም ቢሆን እይዘው ነበር። እሱ ግን እውነቱን ተናገረ። ወንድሜ ስለ ባሌ አሰበ፥ ስለ ሹመቱ አሰበ፥ ስለ ምሕረቱ አሰበ። እኔን አላሰበኝም። እዚያ ጎጆ ውስጥ ማር እያላሰኝ አላሰበኝም።

ተነሥቼ እያነከስሁ ሄጄ ድንጋዩን ከትከሻው አወረድሁለት። ታረቅን።

እናንተ አንባቢዎቼ፥ ከዚህ ምን ተማርሽ ብትሉኝ፥ ሰውን አትመኑ አልላችሁም። ሰውን ሳያምኑ መኖር አይቻልም፤ እኔንም ያዳነኝ ዘይነብን ማመኔ ነው። የምላችሁ ይህን ነው። የታመመ ሰው ስታስታምሙ፥ ሐኪሙ ያለውን ቃል ሳትቀንሱ ለራሱ ለበሽተኛው አድርሱለት። ለእሱ አዝናችሁም ቢሆን፥ ለሌላ ደግ ነገር ብላችሁም ቢሆን አትዋጡበት። ደሙ የእሱ ነው፤ ደሙ የተናገረውም የእሱ ነው። ከዚያ ወዲህ የቋንቋ ችግር ያለባት ሴት ሐኪም ቤት ስትሄድ ካገኘሁ አብሬያት እገባለሁ። ሐኪሙ የተናገረውን፥ የበሽታውን ስም እንኳ ሳላስቀር እነግራታለሁ፤ ከፍቶም ከሆነ አብሬያት አለቅሳለሁ።

ከካሳሁን ጋር ለዓመታት ተዘያይረናል። ልጆቼን ክርስትና አነሣ፤ በዓል ሲሆን ከእኔ ገበታ ይቆርሳል። ሲሞት ነጠላዬን ዘቅዝቄ፥ ደረቴን መትቼ አልቅሼለታለሁ፤ እንባዬ የውሸት አልነበረም። ሲመጣ ግን ሁልጊዜ እንዴት ነሽ ይለኛል፤ እኔም እግዚአብሔር ይመስገን እለዋለሁ። እስኪሞት ድረስ አንድ ቀን እንኳ "አመመኝ" ብዬው አላውቅም።